በግማሽ በርሜል ውኃ የገለበጥኋት መርከብ

መርከብ ሠርቼ አውቃለሁ። ሳቁ፣ ሳቁ፤ አልቀየምም። አሰላ ተወልዶ ከጭላሎ ግርጌ ያረጀ፣ ዋና የማይችል፣ ዝናብ ሲመጣ ከሁሉ ቀድሞ ቤት የሚገባ ሰው መርከብ ሠራሁ ሲል ካልሳቃችሁ በምን ልትስቁ ነው? እኔም ከእናንተ ጋር እስቃለሁ። በራስ ላይ መሳቅ ግብር የለበትም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሃያ አምስት ዓመቴ፣ ጸጉሬ አፍሮ፣ ሱሪዬ ከታች እንደ ደወል የሰፋ ጎረምሳ ነበርሁ። በከተማው የአናጢዎች ማኅበር ውስጥ ዴስክና አልጋ እሠራለሁ። እጄ ክፉ አልነበረም። ምላሴ ግን እጄን በሁለት ክንድ ይቀድመው ነበር። "አላውቅም" የምትባለውን ቃል ማንም አላስተማረኝም፤ እኔም ፈልጌ አልተማርኋትም። "ንጉሤ፣ ሬዲዮ ትጠግናለህ?" ሲሉኝ "እንዴታ! አምጡት" እላለሁ። ፈትቼ ስገጥመው አራት ብሎን ይተርፈኛል። ከዚያ በኋላ ሬዲዮው ዝም ይላል፤ እኔ ግን ዝም አልልም።

በዚህ ላይ አስካለን ወደድሁ።

አስካለ በእርሻ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ጣቶቿ ፈጣን፣ አፏ ቁጥብ ነው። አባቷ ጋሽ ደምሴ ከባሕር ኃይል በጡረታ ወጥተው የምጽዋን ሙቀት በአሰላ ብርድ የለወጡ፣ ነጭ ኮፍያቸውን ለመኝታ ካልሆነ የማያወልቁ ሰው ናቸው። በሰፈራችን ባሕር ያየ ሰው እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ከተማው ስማቸውን ትቶ "አድሚራሉ" ይላቸው ነበር። ጠጅ ቤት ገብተው ማዕበሉን ማስነሳት ሲጀምሩ፣ የመርከብ መሪውን በሁለት እጃቸው ወዲህ ወዲያ ሲጠመዝዙት፣ ሰሚው ሁሉ ሳያውቀው አግዳሚውን ጭብጥ አድርጎ ይይዛል።

እንግዲህ ሽማግሌ መላክ አለብኝ። ጋሽ ቱፋን ለመንኋቸው። ጋሽ ቱፋ የዲክሲስ ገበሬ ናቸው፤ አባቴ ከሞተ በኋላ በስንዴያቸው ያሳደጉኝ፣ ቃላቸው በአካባቢው እንደ መሐላ የሚቆጠር አዛውንት። እሑድ ጠዋት ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ሊሄዱ ሲነሡ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አልሁ።

"ጋሼ፣ ሰውዬው የባሕር ሰው ናቸው። 'ልጃችን ዝዋይ ሐይቅ ላይ ሁለት መርከብ ሠርቷል' ይበሉልኝ።"

"ዱጋ? እውነት ነው?"

"እንዴታ!"

ያቺ "እንዴታ" ከአፌ የወጣችው ማስነጠስ እንደሚወጣ ነው። መመለስ ግን እንደ ማስነጠስ ቀላል አልሆነም።

ሲመለሱ ጋሽ ቱፋ ብብታቸው ሥር ትልቅ ካርቶን ይዘዋል። ልጅ እንዲጠይቁልኝ ልኬ ካርቶን ይዘው መጡ።

"ምን አሉ ጋሼ?"

"አልተቀመጥንም" አሉ። ይህ ብቻውን መልስ ነው፤ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል ወንበር አይነካም። "ቆመን ተናገርን። ሰውዬው እንቢ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ያን ጊዜ የመርከቡን ነገር አነሣሁ። ወዲያው ገብተው ይሄን አወጡ። አንድ የእርሻ መሥሪያ ቤቱ የስዊድን ፈረንጅ አገሩ ሲገባ 'ለባሕር ሰው' ብሎ የሰጣቸው ነው። ውስጡ የተበተነ መርከብ አለ፤ ስንጥር ስንጥሩ። 'ልጃችሁ ይሄን ገጣጥሞ የሚመጣው እሑድ እዚሁ ግቢዬ ውኃ ላይ ያንሳፍፈው። ከተንሳፈፈ ትቀመጣላችሁ፤ ካልተንሳፈፈ እንደቆማችሁ ትመለሳላችሁ' አሉ።"

ካርቶኑን ሲያቀብሉኝ ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

"እኔ በሰው ደጅ ቆሜ የውሸት ቃል ተናግሬ አላውቅም። ታውቃለህ አይደል፣ ልጄ?"

"አውቃለሁ ጋሼ።"

ይሄኛው እንኳን እውነት ነበር።

ሰኞ የማኅበራችንን ሊቀመንበር የሳምንት ፈቃድ ጠየቅሁ። የጎበሳ ትምህርት ቤት ዴስኮች ገና አላለቁም።

"ለምንድነው ጓድ?" አሉኝ።

"መርከብ ልሠራ።"

የቀለድሁ መስሏቸው እየሳቁ ፈረሙልኝ። በዚያ ሳምንት የተናገርሁት ሁለተኛው እውነት ይህ ነው፤ እሱንም ማንም አላመነኝም።

ካርቶኑን ተሸክሜ ወደ ወዳጄ ወደ ከድር ጎሚስታ ቤት ሄድሁ። ከጀርባው ሰፊ ጠረጴዛና ጣሪያ አለው። የካርቶኑ ክዳን ላይ መርከቢቱ ተሥላለች፤ ሦስት ምሰሶ፣ ነጭ ሸራ፣ ወገቧ ድረስ ሰማያዊ ባሕር። ክዳኑን ስናነሣው ግን የአንድ ችቦ ስንጥር፣ የክር ጥቅል፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉ ክብ እንጨቶችና አንድ ትልቅ የታጠፈ ወረቀት ብቻ።

ከድር ወረቀቱን ገለበጠው፣ አዞረው። "የማን ቋንቋ ነው?"

"የስዊድን።"

"ታነበዋለህ?"

"እን..." ብዬ ጀመርሁ፤ ከድርን መዋሸት ግን አይቻልም፣ አብረን ነው ያደግነው። "ሥዕሉን አነባለሁ" አልሁት።

የሥዕሉ ንባብ መጀመሪያ ቀላል ነበር። ረጅም አከርካሪ አለ፤ በአከርካሪው ላይ የጎድን አጥንቶች በተርታ ይሰካሉ። ማክሰኞ ከሰዓት ሁሉንም ሰክቼ፣ ኮላ ቀብቼ ስጨርስ ከድር እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጥቶ አየው።

"ይሄ መርከብ ነው ወይስ የታረደ በግ?"

"ቆይ፣ ቆዳ እናለብሰዋለን።"

"ወላሂ ንጉሤ፣ እውነቱን ነግረህ ብትገላገልስ?"

"የትኛውን እውነት?"

"ካለህ ማለቴ ነው።"

ቆዳው ነው ጉድ ያፈላው። እንደ ማካሮኒ የቀጠኑትን ጣውላዎች በጎድኖቹ ላይ አጥፎ መለጠፍ ነው። የመጀመሪያው ቀጭ አለ። ሁለተኛው ቀጭ አለ። ሦስተኛውን ከድር የፈላ ውኃ ውስጥ ነክሮ እንደ ቆዳ ጠፍር አለሰለሰልኝ። መያዣ ብናጣ ከተጣለ የጎማ ውስጥ ላስቲክ ቀጫጭን ቀበቶ ቆርጦ መርከቢቱን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ጠመጠማት። የሰበርኋቸውን በዝግባ ተካሁ፤ ከጎበሳ ዴስክ የተረፈ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ያቺ መርከብ ግማሽ ጎኗ ስዊድን፣ ግማሽ ጎኗ ዴስክ ናት።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት አስካለ ከተፍ አለች። ወረቀቱን ሰጠኋት።

"ከፈረንጆቹ ጋር ነው የምትውይው፤ እስቲ አንብቢልኝ።"

አገላብጣ አየችው። "ከቋንቋቸው የማውቀው 'አመሰግናለሁ' የሚለውን ብቻ ነው። እዚህ ላይ ማንም ማንንም አላመሰገነም።"

"ግድ የለም፣ መንገዱን ይዤዋለሁ። የዝዋዮቹም እንዲሁ ነበሩ።"

"የዝዋዮቹ" አለች፤ ቀና ብላ አየችኝ። "ትልልቅ ነበሩ?"

"መካከለኛ።"

ከድር ባዶ ጎማ ውስጥ ጭንቅላቱን ቀብሮ ሳል ሳለ። የደረት ሳል አልነበረም።

ቅዳሜ ከሰዓት አለቀች። ምሰሶዎቹ ቆመዋል፣ ክሮቹ ተወጥረዋል፣ ሸራው ተሰቅሏል። የአንድ ክንድ ርዝመት ያላት፣ ማየት የማያሰለች ቆንጆ! ላስቲኩን ፈትቼ በኩራት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኋት። ዘፍ ብላ በጎኗ ተኛች።

አንሥቼ አቆምኋት። በሌላው ጎኗ ተኛች።

እዚህ ላይ የማኅበራችንን ሕግ ልንገራችሁ። ዕቃ ተሠርቶ ሲያልቅ ወለል ላይ ይቀመጥና ሊቀመንበሩ በአንድ ጣታቸው ይገፉታል። ከተንገዳገደ ሥራ አይባልም፤ ተመለስ፣ ላግ። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ሕግ ነው የኖርሁት። አልጋ ቢሆን፣ ቁም ሣጥን ቢሆን፣ ዴስክ ቢሆን፣ ቀጥ ብሎ ካልቆመ አናጢው ተሰድቧል። እና ጎንበስ ብዬ ስመረምር ጥፋቱ ተገለጠልኝ። ከሥሯ፣ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ፣ እንደ ቢላዋ ጀርባ ወጣ ያለ ጠርዝ አለ። ምንድነው ይሄ? ክዳኑን አየሁ፤ ሠዓሊው የመርከቢቱን ግማሽ ውኃ ውስጥ ከቶታል፣ ከወገቧ በታች አይታይም። እንግዲህ ገባኝ አልሁ። አናጢ ሥራ ሲገጥም ጊዜያዊ ድጋፍ ይመታል፤ ሲጨርስ ይነቅለዋል። ይሄም ድጋፍ ነው፣ ፈረንጆቹ መንቀሉን ለእኔ ትተውታል!

መላጊያዬን አነሣሁ። ጥቅልል ያለ ፍቅፋቂ እስኪወጣ ላግሁት። ሥሯን እንደ ሣጥን ግርጌ ጠፍጣፋ አደረግሁና አስቀመጥኋት። ቀጥ! በጣቴ ገፋኋት። ንቅንቅ የለም።

አስካለ በዚያው ሰዓት ከገበያ ስትመለስ ጎራ አለች። መርከቢቱን አነሣች፣ ገለበጠች፣ የተላገውን ሥር በጣቷ ዳበሰች። ወለል ላይ የወደቀውን ፍቅፋቂ አየች። የተዘረጋውን ወረቀት አየች። መልሳ አስቀመጠቻት።

"ቀጥ ብላ ቆመች" አልኋት።

"አየሁ" አለች። "ነገ ነጭ ሸሚዝህን ልበስ።"

ሄደች። እኔ ምስኪኑ፣ ሸሚዙን ያነሣችው ለሰርጉ መስሎኝ ደስ ብሎኝ አደርሁ።

እሑድ ጠዋት ደንቡን አፍርሰን ሄድን፤ የሚያገባው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፣ ግን መርከቢቱን ማን ይሸከም? ከድርም "እኔ የመርከቧ ጎሚስታ ነኝ" ብሎ ተከተለን። ጊዜም አልነበረንም። በአራት ሰዓት የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ ከስብሰባ የቀረ የወሩ ስኳር አይሰጠውም።

አድሚራሉ ሙሉ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ግቢው መሐል ቆመዋል። ከፊታቸው ለሁለት የተቆረጠ በርሜል፣ እስከ ጫፉ ውኃ ሞልቶ። ጎረቤቱ አጥሩ ላይ እንደ ወፍ ሰፍሯል። ለሽማግሌዎቹ አግዳሚ ተዘርግቷል፤ ሦስቱም እንዳላየ ሆነው በከዘራቸው ተደግፈው ቆሙ። አስካለ ከማድቤቱ በር ላይ ነበረች።

"ይቺ ቀይ ባሕር ናት" አሉ አድሚራሉ በርሜሉን እያሳዩ። "አምጣ እንግዲህ።"

ተንበርክኬ አስቀመጥኋት። ልቤ ከደረቴ ወጥቶ ነጭ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ አነሣሁ። ቆመች! አጥሩ ላይ እልልታ ተጀመረ።

እልልታው ሳይጨረስ ትንሽ ወደ ቀኝ አዘነበለች። አሰብ አደረገች። ከዚያ ሣር እንደጠገበች ላም ቀስ ብላ በጎኗ ተኛች፤ ሸራዋ ውኃ ጠጣ፤ ተገለበጠች። ጠፍጣፋው ሥሯ፣ ያ የኮራሁበት፣ ፀሐይ ላይ አብረቀረቀ።

"ይሄ እንግዲህ..." አልሁ፤ ምላሴ እንደ ልማዷ ከፊት ሮጠች፣ "በባሕር ሰዎች ደንብ አዲስ መርከብ መጀመሪያ ትታጠባለች። አይደለም እንዴ ጋሼ?"

አድሚራሉ ኮፍያቸውን ነካ አደረጉ። "አንዳንዴ... ይደረጋል" አሉ በቀስታ።

አያችሁልኝ? መዳኛ ሰጡኝ! ሌላ ቀን ቢሆን ያቺን ይዤ ምጽዋ ድረስ በደረስሁ ነበር። ግን ጋሽ ቱፋ ተናገሩ።

"ንጉሤ፣ የዝዋዮቹም እንዲህ ታጠቡ?"

ፌዝ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። ዘወር ብዬ አየኋቸው። ከዲክሲስ ሌሊት ተነሥተው በእህል መኪና ጭነት ላይ ተቀምጠው መጥተዋል፣ አግዳሚው ከኋላቸው ባዶውን ነው። የቆሙት በእኔ ቃል ነው። አስካለን አየኋት፤ አልሳቀችም፣ አልተናደደችም፣ ትጠብቃለች።

"የዝዋዮቹ አልተገለበጡም ጋሼ" አልሁ። "የሉም።"

"ምን?"

"ዋሽቼ ነው የላክኋችሁ። ጋሽ ደምሴ፣ ጋሽ ቱፋ ይህን አያውቁም፤ በእኔ ይፍረዱ እንጂ በሳቸው አይፍረዱ። ባሕር አይቼ አላውቅም። መርከብ አይቼ አላውቅም። ከሥሯ አንድ ጠርዝ ነበራት፣ ላግሁት። ለምን እንደነበረ አላውቅም።"

ሦስት ጊዜ "አላውቅም" አልሁ። በሃያ አምስት ዓመት ያልከፈልሁትን በአንድ ትንፋሽ።

ጋሽ ቱፋ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፣ ፊታቸውን ወደ አጥሩ በር አዞሩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተከተሏቸው። የከዘራው ኳኳታ ራሴ ላይ ይመታኝ ነበር።

"ቆዩ!" አሉ አድሚራሉ።

ወደ ቤት ገቡ። ጠበቅን። ከውስጥ ሣጥን ሲከፈት፣ ዕቃ ሲንኳኳ ይሰማል። ከድር "ጠመንጃ ነው" ብሎ ሹክ አለኝና ከበርሜሉ ጀርባ ዞረ። ሲወጡ ኮፍያቸውን አውልቀዋል፤ መላጣቸውን ያየነው ያን ቀን ነው። በእጃቸው ክንድ የሚያህል ጭልፋ ይዘዋል።

"ይህን አያችሁ?" አሉ። "አሥራ ስድስት ዓመት መርከብ ላይ የያዝሁት ይህን ነው። ወጥ ቤት ነበርሁ። መሪውን አንድ ቀን ነክቼዋለሁ፤ እሱንም አቧራውን ጥረግ ተብዬ ነው።"

አጥሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ አፉን ከፈተ።

"ሦስት ዓመት ያን ካርቶን ያልከፈትሁት ለምን ይመስላችኋል? ብከፍተው 'ይሄ ምን ይባላል አድሚራል? ያስ?' ልትሉኝ ነዋ! እኔ ከመርከብ የማውቀው ሽንኩርቱን ነው። ይሄ ልጅ ሁለት ሠርቷል ሲባል 'ተገላገልሁ፣ እሱ ይሠራታል፣ እኔ ዝም ብዬ እስቃለሁ' አልሁ። ለካ ሁለታችንም ባዶ ኖረናል!"

መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ግቢው ሁሉ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም፤ ጋሽ ቱፋ ገና ፊታቸውን አላዞሩም። ይቅርታ የሚጠየቀው ድንጋይ ትከሻ ላይ ተሸክሞ ነው፤ ግቢው ተጠርጎ ጠጠር እንኳን የለም። መርከቢቱን ከውኃው አወጣሁና ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ውኃው በነጭ ሸሚዜ እየወረደ፣ እግራቸው ሥር ተደፋሁ።

ዘወር ብለው ጎንበስ አሉ።

"ያ ዋቅ፣ አምላኬ!" አሉ። "ድንጋይ ሲንጠባጠብ ዛሬ አየሁ።" በከዘራቸው ቂጤን መታ አድርገው፣ "ተነሥ። ደግመህ 'እንዴታ' ስትል ብሰማ ግን እውነተኛ ድንጋይ አስጭንሃለሁ።"

"ይቅር ማለቱ ደግ ነው" አሉ አንደኛው ሽማግሌ፤ "ግን ቃል ቃል ነው። ካልተንሳፈፈች አንቀመጥም።"

አድሚራሉ፣ ይቅርታ፣ ወጥ ቤቱ፣ ጭልፋውን እያወዛወዙ በርሜሉን ዞሩ።

"አንድ ነገር ግን አውቃለሁ" አሉ። "ድንቹና ዱቄቱ የሚቀመጠው ከመርከቧ ሆድ፣ ከሥር ነው። ከወደብ ስንነሣ ድስቴ ፀጥ ይላል። ስንቁ ሲያልቅ፣ ሥሯ ሲቀልል፣ መርከቧ ትንቀዋለላለች፣ ወጤም ይደፋል። ይቺም ድንች ነው ያጣችው።"

ከድር "እርሳስ!" ብሎ ጮኸና ሮጠ። ካረጀ ባትሪ ያቀለጠውን እርሳስ ጠፍጣፋ አድርጎ ቀጥቅጦ፣ ላቡን እያንጠባጠበ ተመለሰ። ከጠፍጣፋው ሥሯ ላይ በአምስት ምስማር መታነው። የት ላይ እንደሚመታ ማንም አያውቅም ነበር፤ ደስ የሚለው ማንም አውቃለሁ አላለም። "ወደዚህ ይሻል ይሆን?" "እንሞክረው።" ሁለት ጊዜ ነቅለን መታን።

በሦስተኛው ለቀቅኋት። አዘነበለች፣ ትንፋሻችን ቆመ፣ ተመለሰች። ትንሽ ወደ ግራ ጋደል ብላ ቀይ ባሕርን ጠርዝ ጠርዙን ዞረችው።

"ወደ ግራ አዘነበለች" አለ ከድር።

"ተዋት" አሉ ጋሽ ደምሴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ "ለዘመኑ ይስማማል።"

ጋሽ ቱፋ አግዳሚውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉና ተቀመጡ። ሁለቱም ተከተሏቸው። ያ አግዳሚ ሲጢጥ ያለው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ ነው፤ ሠርቼ ካቀረብኋቸው አልጋዎች ሁሉ እንዲህ ያለ ጣፋጭ ድምፅ አልሰማሁም። አራት ሰዓት አልፎ ስድስት ሆኗል። ግቢው ውስጥ የነበርን በሙሉ የዚያን ወር ሻይ ያለ ስኳር ጠጣን።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ሚስት አገኘሁ፤ ይህ ትንሽ አይደለም። ግን ከዚያ እሑድ በኋላ ደንበኛ መጥቶ "ይሄን ትችላለህ?" ሲለኝ "አላውቅም፣ እስቲ አብረን እንየው" ማለት ጀመርሁ። የሚገርመው ሥራዬ በዛ። "ንጉሤ ከቻለ ይነግርሃል፣ ካልቻለም ይነግርሃል" ተባለ። ጋሽ ደምሴም ጠጅ ቤት ማዕበሉን ትተው የወጡን ታሪክ ማውራት ጀመሩ፤ ሰሚያቸው እጥፍ ሆነ። "አድሚራሉ" የሚለው ስም ግን አልቀረም፤ እንዲያውም ሰው ሲጠራቸው ከበፊቱ የበለጠ ፍቅር ነበረው። መላመድ ግን ቀላል አይምሰላችሁ። እኔ ዛሬም ምላሴ "እን..." ብላ ትጀምራለች፤ በጥርሴ እይዛታለሁ። አሁን ጥርሱም እያለቀ ስለሆነ እፈራለሁ።

መርከቢቱ ቁም ሣጥናችን ላይ አለች፣ ወደ ግራ ጋደል እንዳለች። ጭልፋው ከጎኗ ተሰቅሏል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከተጋባን ብዙ ዓመት በኋላ፣ አንድ ቀን አስካለ አቧራዋን እየጠረገችላት፣ የቅዳሜው ነገር ትዝ አለኝና ጠየቅኋት።

"ያን ቀን ወረቀቱን አይተሽ ነበር። ጠርዙ መላግ እንደሌለበት ገብቶሽ ነበር፣ አይደል?"

"ሥዕሉ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል" አለች። "ቋንቋም አያስፈልገውም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ብትነግሪኝ በዚያች ሌሊት አስተካክለው ነበር!"

"መርከቧን ታስተካክላት ነበር" አለች ጨርቁን እያራገፈች። "እኔ ላገባ የነበረው ግን መርከቧን አይደለም።"

"ባልናገርስ ኖሮ? 'ትታጠባለች' ብዬ ብቀጥልስ?"

ሸራዋን በጣቷ ቀና አደረገችላት።

"ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ይመለሱ ነበራ።"